ህንድ ውስጥ ገበሬው እህሉን በኦንላይን ሲሸጥ ደላላው ቀርቷል ወይ?

የዩኒየኑ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ነው። ከመሠረታዊ ማኅበራት ማሾ፣ ሽንብራና ቦሎቄ እንሰበስባለን፣ አበጥረን እንሸጣለን። ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ አንድ የቦርድ አባል ተነስተው «ህንዶች እኮ ገበሬውን በስልክ ከገዢ ጋር አገናኝተው ደላላውን ከመሀል አወጡት፣ እኛን ምን ይዞን ነው?» አሉ። ቤቱ በሙሉ ተስማማ። አጥንቶ የማቅረቡ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ።

ሦስት ቀን አነበብኩ። ያገኘሁት ወይ የመንግሥት ማስታወቂያ ነው፣ ወይ «ምንም አልሠራም» የሚል ነቀፋ። ኢ-ናም የሚባለው የህንድ መንግሥት የኦንላይን የእህል ገበያ በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2016 ተጀመረ፣ ከ1,300 በላይ ገበያዎች ገብተውበታል፣ ከ17 ሚሊዮን በላይ ገበሬ ተመዝግቧል ይላሉ። ግን መመዝገብ ሌላ፣ መሸጥ ሌላ። እኔ ማወቅ የምፈልገው ገበሬው ጠዋት እህሉን ጭኖ ከቤቱ ከወጣ ጀምሮ እስከ ማታ ምን እንደሚገጥመው ነው። እውነት ሌላ ክፍለ ግዛት ያለ ነጋዴ በስልኩ አይቶ ይገዛዋል? ዋጋውስ ጨመረለት? እዚያ የኖራችሁ ወይም የተማራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። ለስብሰባው ሁለት ሳምንት ነው የቀረኝ።

ዳርዋድ የተማረ፦

ወንድሜ፣ ማስተርሴን የሠራሁት ካርናታካ የሚባለው የህንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው፣ ለመመረቂያ ጽሑፌ ብዬም ወራት ገበያ ውስጥ ቆሜአለሁ። ከሁሉ በፊት ይሄን ልንገርህ። ኢ-ናም ገበሬው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚሸጥበት አፕ አይደለም። አፕ አለው፣ ዋጋ ይታይበታል፣ ሥራው የሚሠራው ግን ማንዲ ውስጥ ነው።

ማንዲ ማለት በሕግ የሚተዳደር የጅምላ ገበያ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች ሕግ አወጡና የገበሬው ምርት መጀመሪያ የሚሸጠው እዚያ ብቻ ይሁን አሉ። ሐሳቡ ገበሬውን ከአራጣ አበዳሪና ከመንደር ነጋዴ ለማዳን ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ፈቃድ ያላቸው ነጋዴዎች ጥቂት ሆኑ፣ እርስ በርስ ተዋወቁ፣ ዋጋውን ተስማምተው መጨረስ ጀመሩ። አንዳንድ ቦታ ገዢውና ወኪሉ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ነበር የሚደራደሩት። በሶማሌ ክልል የግመል ገበያ የሚደረገውን ያየ ሰው ይገባዋል። ገበሬው አጠገባቸው ቆሞ የራሱ እህል በስንት እንደሚሄድ አያውቅም።

ኢ-ናም ይሄን ነው ለመስበር የሞከረው። ገበሬው በር ላይ ሲደርስ ስሙና የእህሉ ዓይነት ተመዝግቦ የጭነት ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ናሙና ተወስዶ ይመረመራል፦ እርጥበቱ፣ ባዕድ ነገሩ፣ የተሰበረው። ውጤቱ ኮምፒውተር ላይ ይገባል። ነጋዴዎች በስልካቸው ወይም እዚያው ባለ ኮምፒውተር ዋጋ ይሰጣሉ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ከፍተኛው ያሸንፋል። ገበሬው ካልተስማማ እህሉን የመመለስ መብት አለው። ከተስማማ ይመዘናል፣ ገንዘቡ በባንክ ይገባለታል። ዋጋውም እንደኛው በኩንታል ነው፣ መቶ ኪሎ።

ማዕከላዊው መንግሥት ሶፍትዌሩን በነፃ ሰጠ፣ ለየማንዲው ዕቃ መግዣም መጀመሪያ እስከ 30 ላክ ሩፒ፣ በኋላ እስከ 75 ላክ መደበ። (ላክ ማለት መቶ ሺህ ነው፣ ስታነብ እንዳያሳስትህ።) በምላሹ ክፍለ ግዛቱ ሦስት ነገር እንዲያሻሽል ተጠየቀ፤ አንድ የንግድ ፈቃድ በክፍለ ግዛቱ ሁሉ እንዲሠራ፣ የገበያ ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰበሰብ፣ የኤሌክትሮኒክ ጨረታ በሕግ እንዲፈቀድ። እኔን ከጠየቅከኝ ትልቁ ሥራ እሱ ነው። አፕ ማንም ይሠራል።

ሌላ ክፍለ ግዛት ያለ ነጋዴ ይገዛል ወይ ላልከው፣ በጣም ጥቂት። አብዛኛው ግብይት እዚያው ማንዲ ውስጥ፣ ድሮም በነበሩት ነጋዴዎች መሀል ነው የሚደረገው። ነጋዴው እህሉን በእጁ ዘግኖ፣ ነክሶ፣ አሽትቶ ካላየ ገንዘቡን አያወጣም። ከሩቅ ያለው ደግሞ የላቦራቶሪውን ወረቀት ካላመነ በምን ይግዛ?

ሰናይት፦

ዳርዋድ የተማረው ወንድማችን ስለ ጨረታው በደንብ አስረድቷል። እኔ ስለ ብድሩ ልጨምር፣ ምክንያቱም የቦርዱ አባል «ደላላውን አወጡት» ያሉት ስህተት የሚሆነው እዚህ ጋ ነው።

ሉዲያና፣ ፑንጃብ ውስጥ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። እዚያ በገበሬውና በገዢው መሀል ያለው ሰው አርቲያ ይባላል። ስንዴና ሩዝ ላይ ለረጅም ጊዜ 2.5 በመቶ ኮሚሽን ያገኝ ነበር። ከሩቅ ስታየው ዝም ብሎ የሚበላ ሰው ይመስላል። ግን የአርቲያውን ሱቅ አንድ ቀን ውላችሁ እዩት። አንዱ ገበሬ ማዳበሪያ የሚገዛበት ሊበደር ይመጣል። አንዱ ልጁን ሊድር ነው። የአንዱ ትራክተር ተሰብሯል። አርቲያው ያለ ወረቀት፣ ያለ ዋስ፣ ማታም ቢሆን ያበድራል። ወለዱ ከባንክ በጣም ይበልጣል፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም፣ ሰው አጥፍቷል። ግን ባንኩ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል፣ ደብተርና ካርታ ይጠይቃል፣ ሦስት ጊዜ ያመላልሳል።

እንግዲህ መኸር ሲደርስ ገበሬው እህሉን ለማን ይወስዳል? ለዚያው ለአርቲያው። ስልኩ ላይ ሌላ ከተማ ያለው ዋጋ 100 ሩፒ ቢበልጥ ምን ያደርግለታል? እዳ አለበት፤ ለሌላ ቢሸጥ የሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ ከየት ይመጣል? ህንድ ውስጥ አማካይ የመሬት ይዞታ 1.08 ሄክታር ነው፣ በ2015-16 በተደረገው ቆጠራ። ከገበሬው 86 በመቶ የሚሆነው ከሁለት ሄክታር በታች ነው ያለው። የዚህ ዓይነቱ ገበሬ ሦስት ቀን ጠብቆ የተሻለ ዋጋ ለማግኘት አቅም የለውም።

ኢ-ናም ራሱ ደላላውን አላወጣም። መዝግቦ ነው የያዘው፤ የተመዘገቡት የኮሚሽን ወኪሎች ከ100,000 በላይ ናቸው። ይሄን ለስብሰባው በደንብ ንገራቸው።

አንድ ነገር ግን ተቀይሯል። በ2021 የስንዴ ግዢ ላይ ማዕከላዊው መንግሥት ፑንጃብ ውስጥ ገንዘቡ በአርቲያው በኩል ሳይሆን ቀጥታ ለገበሬው ሒሳብ ይግባ አለ። አርቲያዎቹ በጣም ተቃወሙ። በመጨረሻ ግን ሆነ። ያንን ማድረግ የተቻለው ከ2014 ጀምሮ ድሃው ሁሉ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት ስለተደረገና መታወቂያው ከሒሳቡ ጋር ስለተያያዘ ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከአፑ ነው፣ ይሄ ያናድደኛል።

ስለ 2020ው ተቃውሞም ስማ። መንግሥት ሦስት ሕጎች አወጣ፣ አንዱ ከማንዲ ውጪ ማንም የግብር መለያ ቁጥር ያለው ሰው እንዲገዛ፣ የግል የኦንላይን መድረክም እንዲከፈት የሚፈቅድ ነበር። ወረቀት ላይ ለገበሬው አማራጭ ይጨምራል። የፑንጃብና የሃርያና ገበሬዎች ግን ከአንድ ዓመት በላይ ክረምት ከበጋ ዴልሂ መግቢያ ላይ ትራክተራቸውን አቁመው ተኙ። ማንዲው ከተዳከመ መንግሥት ከዚህ በታች አይወርድም ብሎ በወሰነው ዋጋ የሚገዛን ነገር ይቀራል፣ ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ብቻችንን እንቀራለን ብለው ፈሩ። በ2021 መጨረሻ ሕጎቹ ተሻሩ። እነዚያ ሰዎች ቴክኖሎጂ ጠልተው አልነበረም። ሁሉም ስልክ ነበራቸው፣ ተቃውሞውን ራሱ በስልክ ነው ያስተባበሩት።

የዩኒየኑ ልጅ፦

ሰናይት እህቴ፣ ዳርዋድም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነቱን ለመናገር አንብቤ ስጨርስ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ነው የፈሰሰብኝ። እኛም ጋ እኮ ያው ነው። ገበሬው ለማኅበሩ እንዲያስረክብ ስንለምን ነጋዴው ሰኔ ላይ ቀድሞ አበድሮት ይገኛል። ባለፈው ዓመት አንዱ የማኅበር አባል «እናንተ ዋጋ ትነግሩኛላችሁ፣ እሱ ልጄን አሳክሞልኛል» ብሎኝ መልስ አጣሁ።

ታዲያ ምንም አልጠቀመም ማለት ነው? አንድ ቦታም ዋጋ አልጨመረም? ለቦርዱ «አይሆንም» ብቻ ብዬ መግባት አልፈልግም።

ዳርዋድ የተማረ፦

ኧረ ጠቅሟል! ተስፋ አትቁረጥ። የካርናታካን ታሪክ ልንገርህ፣ ከኢ-ናም በፊት በ2014 የጀመረ ነው። ክፍለ ግዛቱ ከአንድ የሸቀጥ ገበያ ኩባንያ ጋር በሽርክና ድርጅት አቋቁሞ ማንዲዎቹን በአንድ መድረክ አገናኘ። ድሮ ነጋዴው በየሱቁ እየዞረ በብጣሽ ወረቀት ዋጋ ይጽፍ ነበር። አሁን ዞሮ እህሉን ያያል፣ ዋጋውን ግን በስልኩ ያስገባል፣ ሌላው ስንት እንደሰጠ አያይም። ሰዓቱ ሲደርስ አሸናፊው ይወጣል፣ ገበሬው ስልኩ ላይ መልእክት ይደርሰዋል።

ይሄን ተመራማሪዎች አጥንተውት በ2020 ታትሟል። የሩዝ ዋጋ 5.1 በመቶ፣ የለውዝ 3.6፣ የበቆሎ 3.5 በመቶ ጨምሯል። ትንሽ ይመስላል አይደል? ግን ጭማሪው የመጣው ገበሬው አንድ ብር ተጨማሪ ወጪ ሳያወጣ ነው፤ ትርፉ ድሮም ቀጭን ስለሆነ 4 በመቶ የዋጋ ጭማሪ ኪሱ ሲገባ ብዙ ነው።

አሁን ደግሞ አንተን የሚመለከተውን ስማ። ያው ጥናት ጥጥ፣ የርግብ አተርና ማሾ ላይ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ማሾ! አንተ የምትሸጠው። እኔ ገበያ ውስጥ ቆሜ ካየሁት ተነስቼ የምገምተው፣ የማሾ ነጋዴ የሚገዛው ዓይኑን አምኖ ነው። አንጸባራቂው ከደብዛዛው፣ ትልቁ ከትንሹ፣ ነቀዝ የጀመረው ካልጀመረው በዋጋ ይራራቃል። ያንን ኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፍ፣ ሁሉም የሚያምነው መርማሪ ከሌለ ጨረታው ጭፍን ይሆናል።

እኔ የማውቃት አንዲት ማንዲ ውስጥ መመርመሪያ መሣሪያው ነበር። ፕላስቲኩ እንኳ አልተነሳለትም። ሠራተኛው አንድ ነው፣ በመኸር ሰዓት በቀን መቶ ምናምን ጭነት ይመጣል፣ ለእያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ቢያጠፋ ገበሬው በማግስቱም አይወጣም። ስለዚህ በዓይን አይተው «መካከለኛ» ብለው ይሞላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ጨረታው በአፍ ካለቀ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ ላይ የሚገባው። ቁጥሩ ለላይ ሪፖርት ይሄዳል፣ ገበሬው ግን ልዩነቱን አላየም። በዓይኔ ስላየሁት ነው የምነግርህ፣ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ሰናይት፦

በዚሁ ላይ ከመንግሥት ውጪ ያለ አንድ ምሳሌ። አይቲሲ የሚባለው ኩባንያ በ2000 ማድያ ፕራዴሽ ላይ ኢ-ቾፓል ብሎ የጀመረው አለ። ቾፓል መንደርተኛው ተሰብስቦ የሚያወራበት ቦታ ነው፣ እኛ ዋርካ ሥር እንደምንለው። ኩባንያው አኩሪ አተር መግዛት ይፈልግ ነበር። ከመንደሩ የታመነ አንድ ገበሬ መርጦ ቤቱ ኮምፒውተር አስቀመጠ፣ መብራት ስለሚጠፋ በሶላር። ሰዉ እየመጣ የማንዲውንም የኩባንያውንም ዋጋ ያያል። ከፈለገ ለኩባንያው ይወስዳል፣ በኤሌክትሮኒክ ሚዛን ይመዘንለታል፣ ገንዘቡን እዚያው ይቆጥራል።

በዚህ በኢ-ቾፓል ላይ የተሠራ ጥናት ያሳየው ነገር ደስ ይላል። ለኩባንያው የሸጠው ብቻ አይደለም የተጠቀመው። ማንዲ ውስጥም የአኩሪ አተር ዋጋ ከ1 እስከ 3 በመቶ ጨመረ። ነጋዴው ገበሬው ሌላ ቦታ መሄድ እንደሚችል ስላወቀ ነው። ግን ልብ በሉ፣ እዚያ የሠራው ኮምፒውተሩ ብቻውን አይደለም። በሌላኛው ጫፍ ገንዘብ ይዞ የቆመ እውነተኛ ገዢ ነበር፣ ሚዛኑም አይሰርቅም።

የድሮ እህል ሰው፦

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን ሳነብ አመሸሁ። እኔ በእህል ንግድ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፣ ጎተራም ነበረኝ። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 በፈረንጆቹ ሲከፈት አዳራሹ ውስጥ ገብቼ እጅ ለእጅ እየተማቱ ሲገበያዩ አይቻለሁ።

ከህንዱ ጋር ያለውን ልዩነት ልንገርህ፣ ለቦርዱ ይጠቅምሃል። የእኛ ምርት ገበያ የተነሳው ከላይ ነው። እህሉ ወይም ቡናው ወደ ምርት ገበያው መጋዘን ይገባል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ደረሰኙ ነው አዲስ አበባ ላይ የሚሸጠው። ገዢው ጆንያውን ሳያይ በደረጃው አምኖ ይገዛል፣ ብሩም በማግስቱ ባንክ ይገባል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ድሮ ቡና ሸጠን ወር ሙሉ ገንዘብ የምንለምንበትን ዘመን አውቃለሁ። ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው አቅራቢና ላኪ ነው። ሦስት ኩንታል ያለው ገበሬ እዚያ አይደርስም፣ ሰብሳቢው ደጁ ድረስ መጥቶ ይገዛዋል።

ህንዶቹ ደግሞ ገበሬው ድሮም የሚመጣበትን ግቢ ይዘው እዚያ ላይ ኮምፒውተር አስገቡ። ለገበሬው ይቀርባል፣ ደረጃው ግን አልታመነም። የእኛ ደረጃው የተሻለ ታመነ፣ ከገበሬው ግን ራቀ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ህንዶቹ በመጋዘን ደረሰኝ መሸጥንም ኢ-ናም ላይ ጨመሩ፣ ገበሬው ማንዲ ድረስ እንዳይጨናነቅ። ያ የእኛን መንገድ ይመስላል።

አንተ ያለህበት ዩኒየን መሀል ላይ ነው ያለው። ገበሬው ማኅበሩን ያምናል፣ ማኅበሩ መጋዘን አለው። ልጄ፣ ስልኩን ለጊዜው ተወውና በየማኅበሩ አንድ የእርጥበት መለኪያና አንድ ሁነኛ ወንፊት አስገባ። ከዚያ ደረጃ የሚያወጣ ልጅ አሠልጥን፣ የማንም ዘመድ ያልሆነ። ሚዛኑን በየወሩ አስመርምር። ገበሬው የእህሉን ደረጃ ካወቀ ነጋዴው «ቆሻሻ ነው» ብሎ አይቀንስበትም።

የዩኒየኑ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። እስከዛሬ ካነበብኩት ሁሉ የእናንተ ይበልጣል።

እንዲህ ላቀርብ ነው ያሰብኩት። አንደኛው ነገር የቅድሚያ ብድሩ ነው። ከቁጠባና ብድር ማኅበሩ ጋር ተነጋግረን ሰኔና ሐምሌ ላይ ለማዳበሪያና ለችግር ቀን ትንሽ ገንዘብ ማበደር ካልቻልን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው፣ ይሄን ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ጋሼ ያሉት መለኪያና ደረጃ፣ በሦስት ማኅበር ላይ ብቻ፣ በአንድ ሰብል። ማሾው ከባድ ከሆነ በነጭ ቦሎቄ ልጀምር ብዬ አስባለሁ፣ እሱ በዓይን ለመለየት ይቀላል። የእህሉን ደረጃ ለገዢዎች የምንልከው በቴሌግራም ግሩፕ ይሁን፣ ዋጋቸውን ግን እንደ ካርናታካው በውስጥ መስመር ይላኩልን፣ አንዱ የሌላውን እንዳያይ። ለአሁኑ አፕ አንሠራም።

አንድ ያልመለስኩት ነገር አለ። ጋሼ፣ ደረጃ አውጪው ልጅ ደሞዙን ከዩኒየኑ ቢወስድ ገበሬው «የዩኒየኑ ሰው ነው፣ ለእናንተ ያደላል» አይለኝም? ማን ይክፈለው?

የድሮ እህል ሰው፦

ይላል እንጂ፣ እውነቱን ነው። በእኔ ጊዜ የተሻለ የሠራው እንዲህ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጭነት ናሙናው ሦስት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ለገበሬው፣ አንዱ ለገዢው፣ አንዱ ታሽጎ ማኅበሩ ጋ ይቀመጣል፣ ሁለቱም ወገን ፈርመውበት። ጭቅጭቅ ሲነሳ የታሸገው ይከፈታል። ደሞዙን ገዢና ሻጭ በኩንታል እኩል ያዋጡ፣ ትንሽ ሳንቲም ናት። ልጁም ከሌላ ወረዳ ይምጣ። ነጭ ቦሎቄ ያልከው ጥሩ ነው፣ ግን ቀይና ነጭ የተቀላቀለውን ከመጀመሪያው ቀን አትቀበል፣ አንድ ጊዜ ከተቀበልክ ሁልጊዜ ያመጡልሃል።

ሰናይት፦

ጽሑፉን ስትጨርስ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ የብድሩን ክፍል ላየው እፈልጋለሁ። ወለዱ ላይ ተጠንቀቅ፣ የነጋዴው ብድር «ያለ ወለድ» ተብሎ በእህሉ ዋጋ ላይ ነው የሚቆረጠው፣ ገበሬው ሁለቱን ማወዳደር እንዲችል በኩንታል ስንት እንደሚያጣ አስልተህ አሳየው።